እኔ መቼ አለቀስኩ?

አያቴ ጠላ ሻጭ ናት።

እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ስጽፈው ቀላል ይመስላል አይደል? ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ ድረስ ግን ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። «አያትሽ ምን ትሠራለች?» የሚል ሰው ከመጣ «ትንሽ ትነግዳለች» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ምን እንደምትነግድ ደግሞ የጠየቀኝ የለም (ደግነቱ ሰው ሁሉ ጋዜጠኛ አይደለም)።

ቤታችን ጉለሌ ነው። በራችን ላይ ረጅም እንጨት ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ምልክቱን አያጣውም፤ ጠላ አለ፣ ግቡ ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችንን አልፌ እሄዳለሁ፤ እነሱ ከመታጠፊያው ሲሰወሩ ደግሞ ሮጬ እመለሳለሁ። በዚያ ጣሳ የተነሳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዝኩ እግዜር ይቁጠረው።

እናቴ ለሥራ ቤይሩት ስትሄድ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ አያቴ ስለሆነች «እማዬ» የምለው እሷን ነው። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ የታክሲ ገንዘቤ፣ የምርቃት ቀሚሴ ሳይቀር ከጋኑ ነው የወጣው።

ጠላ ሲጠመቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል። ቀናት ቆይቶ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፤ ቀጥሎ ደረቆቱ ይጨመርና ይደፈደፋል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይታፈናል። ይሄ ሁሉ ሲሆን እማዬ ሰዓት አታይም፤ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ደግና ታዳምጣለች። «ገና እያወራ ነው» ካለች አይከፈትም፤ ባለ ሠርግም ቢመጣ አይከፈትም። ለደንበኛ ስትቀዳ ደግሞ ሁሌ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። በየቀኑ ለሚመጣውም ቢሆን ያው ነው።

ማንበብና መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እሷ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጠረች። (ሀገራችን በዚያ ዘመቻ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝታበታለች። እማዬ ይህን ስነግራት «ለእኔስ ምን ደረሰኝ?» ነው ያለችው።) የደረሳትማ የዱቤ ደብተሯ ነው። የሰው ስም አትጽፍም፤ «ኮፍያ 3»፣ «ግንበኛው 2» እያለች ነው የምትይዘው። ባለ ዕዳው አጠገቧ ቆሞ እያየ ካልሆነ በቀር አንዲት ሰረዝ አትጨምርም። ልጅ ሆኜ ይሄ ያስቀኝ ነበር። ሰውዬው ከሄደ በኋላስ ብትጽፊው ማን ያይሻል?

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ። ጋዜጠኝነት ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን በያዝኩ በሦስተኛው ወር አለቃዬ «ኑሮ ስለከበዳቸው እናቶች አንድ ልብ የሚነካ ነገር አምጪ» አለኝ። የት እሄዳለሁ? ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩት። «አንዲት እናት» አልኩና ጣሳውን፣ ጋኑን፣ በጭስ የጠቆረውን ግድግዳ አስገባሁ። ከዚያ ጣቶቼ ዝም ብለው ቀጠሉ፦ «ምርጫ ስለሌለኝ ነው እንጂ...» አሉ እናት፣ እንባቸው እየቀደማቸው። በትምህርተ ጥቅስ!

ያንን ስጽፍ እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ጌሾ ትወቅጥ ነበር። ተነስቼ ሦስት እርምጃ ሄጄ ብጠይቃት ምን ነበረበት?

አለቃዬ ወደደው። ሰዉም ተቀባበለው። ከሳምንት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በስልኩ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይወስድባት አልቀረም። ከሥራ ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

ዝም አልኩ።

«እኔ መቼ አለቀስኩ?»

«እማዬ፣ አንባቢን እንዲነካ ብዬ ነው...»

«እንዲነካ ብዬ ጠላዬ ላይ ስኳር ልጨምር?» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ከ40 ዓመት በላይ ሳልቀምስ ለሰው ቀድቼ አላውቅም። አንቺ ሳትቀምሺ ቀዳሽ» አለች። በቃ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እራቴን አቀረበችልኝና ፊቷን አዙራ ተኛች። ለ9 ቀን «ብይ» እና «በሩን ዝጊ» ካልሆነ በቀር ቃል አልተናገረችኝም።

እንዲስተካከል አለቃዬን ለመንኩት። «አያትሽ ከሆኑማ ማን ይከስሻል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቤት ከለቀቅኩ ሰነበትኩ፤ ጽሑፉ ግን ዛሬም እዚያው አለ፣ እማዬም ውስጡ እያለቀሰች ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡትን እንደ እርማት ቁጠሩልኝ።

ይህኛውን ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ትናንት ማታ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ሦስት ቦታ አስቆመችኝ። አንደኛ፣ ዝምታው 9 ቀን ሳይሆን 8 ቀን ነበር አለች (እዚህ ላይ አልተስማማንም፤ እንዳለ ትቼዋለሁ)። ሁለተኛ፣ በራችንን አልፌ ስሄድ በመስኮት ታየኝ ኖሯል። «አውቅ ነበር። ስትመለሺ ቆሎሽን አዘጋጅቼ ነበር የምጠብቅሽ፤ እሱንም ጻፊው።»

ሦስተኛው ላይ ትንሽ አሰበች።

«አንድ ጊዜስ አልቅሻለሁ። እናትሽ የሄደች ለት። እሱ ግን በጠላው አይደለም፤ ለይተሽ ጻፊ።»

እየጻፍኩ ሳለ አጠገቤ ቆማ ጨርሼ እስክትመለከተው ጠበቀች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና ወደ ጋኑ ሄደች። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሰው ይበዛል።