ወጥመድ አይመርጥም

ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ሲጽፉ፣ እኔ ስለ አንድ የሽቦ ሸምቀቆ ለመጻፍ መነሣቴ ያስቃችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከልቤ ስላልወጣ ልናገረው ግድ ሆነብኝ።

የተወለድሁት በመንዝ ነው፤ አባቶቻችን የአጨዳውን ጊዜ በቄሮ ሥርዐት እየወሰኑ ሲጠብቁት ከኖሩት ከጓሳ ሣር አጠገብ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንድ ክረምት አራት ግልገሎች ሌሊት ሌሊት ከበረታችን ጠፉ። በረቱን የምዘጋው እኔ ነበርሁና ወቀሳው ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም ቀበሮ አጥምጄ ስሜን ለማደስ ቈርጬ፣ «ጋሼ፣ ወጥመድ አስተምረኝ» ብዬ አጎቴን ለመንሁት።

በመጀመሪያ ዱካ ፈልገን፣ አውሬ የሚመላለስባትን ጠባብ መንገድ በሣሩ መካከል አገኘን። የሰው ጠረን እንዳይኖርብን እጃችንን በእበት አሸን። የሞተች በግ ሆድ ዕቃ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ሜዳው በሚወስድበት በኩል ጣልን። ሸምቀቆውን ከምድር አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገን፣ ጫፉን በጠንካራ ችካል አሰርነው። አውሬው ወደ ጐን እንዳይወጣም ግራና ቀኙን በጭራሮ አጠርነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወጥመዱ ይዞ አገኘሁት። ስቀርብ ግን ጠጕሩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭን ነበር፤ ቀይ ቀበሮ ነው፤ ሞቷል። አጎቴ መጥቶ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው። ከዚያም እየተጸየፈ ሆዱን በካራ ቀደደው። በውስጡ ከአይጥ በቀር ምንም አልነበረም።

«ልጄ፣ ይህ የእህላችንን ሌባ ሲያሳድድልን የኖረ ነው» አለኝ።

በሳምንቱ አምስተኛው ግልገል ጠፋ።

በዚያን ጊዜ አባቴ በረቱን ዞሮ ቢመረምር፣ በስተኋላ በኩል ካቡ ተንዶ አንድ ቀዳዳ አገኘ። እኔ ሜዳ ለሜዳ ዱካ ስፈልግ ያን ቀዳዳ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየሁትም ነበር። ካቡን ጠግነን እሾህ ከመርንበት፤ ግልገሎቹንም ማታ ማታ ቤት አስገባናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት የጠፋብን ግልገል አላስታውስም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም እንደማይገኝ፣ ለአቅመ መራባት የደረሱትም ከ500 እንደማይበልጡ፣ ምግቡም በአብዛኛው የአይጥ ዘር መሆኑን አነበብሁ። አልፎ አልፎ ግልገል እንደሚነካም ይነገራል። ስለዚህ፣ «የአንድ ሌሊት ሆድ ለክረምቱ ሁሉ ምስክር አይሆንም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ግን የፈረድሁት አንድም ምስክር ሳልጠራ ነው። ሥጋው የተራበውን ሁሉ ይጠራል፤ ሽቦውም የመጣውን ሁሉ ያንቃል። መለየት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

አባቶች «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ። እኔ ሳላጣራ ገደልሁ፤ ጎፈሬውም አላማረብኝም።