መቈጠርና መጠየቅ

ሰው ሳይመክርበት በቤቱ ላይ የተቈረጠ ዋጋ፥ ጥቂትም ቢሆን ይከብደዋል፤ የመከረበትን ዕዳ ግን፥ ብዙም ቢሆን የራሱ ነውና ይሸከመዋል። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ ሳይሆን፥ በደባርቅ የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ነው።

የቀበሌ ቤት ታሪክ የታወቀ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም በአዋጅ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ለብዙ ዘመን ዝቅ ብሎ ስለ ኖረ ለድኻው መጠጊያ ሆነ። ዳሩ ግን ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘምና ጣራው ዛገ፥ ግድግዳውም ተሰነጠቀ። ስለዚህ ኪራይ ፈጽሞ አይጨመር ብለን አንከራከርም። ጥያቄያችን፥ ሲጨመር ማን ይምከርበት የሚል ነው።

ባንድ ክረምት፥ ማኅተም ያረፈበት የጭማሪ ማስታወቂያ በሰሌዳ ተለጥፎ አገኘን። «ከሚመጣው ወር ጀምሮ እንዲፈጸም» ይላል። ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ ጎረቤታችን እማማ ወረቀቱን አስነብበውን ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ ይህን ዋጋ ሲያወጡ ጣራውን ማን አየላቸው? መጥተው ቢጠይቁኝ የሚያፈሰውን አሳያቸው ነበር። ከጠገኑልኝ ከፈትሌ ቀንሼ እከፍላለሁ» አሉን። መልስ አጣን። «እንዲፈጸም» የምትለውን ቃል እኛም በመሥሪያ ቤታችን ለሌላው ስንጽፍ የኖርን ነንና አፈርን።

ያን ጊዜ የጊቹ ወዳጃችን ንግግር ትዝ አለን። እርሱ በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ወደ ደባርቅ ከወረዱት አባወራዎች አንዱ ነው። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲወጣ እኛ ደስ አለን፤ እርሱ ግን «ቤቴም ከብቴም ተቈጠረ፤ መቈጠርና መጠየቅ ግን አንድ አይደለም» አለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 43፥ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። «ተከራይ ቢጠየቅ እምቢ ከማለት በቀር ምን ያውቃል?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በዴንማርክ አገር፥ ለሕዝብ በተሠሩት የኪራይ ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮች በየዓመቱ ተሰብስበው የሰፈራቸውን በጀት ያጸድቃሉ፤ ኪራዩም ከዚያው በጀት ይወጣል። ሒሳቡን ያየ ሰው፥ የጣራ መጠገኛ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋውም። እማማም ያሉት ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ከጭማሪው በፊት ቤቱ ይታይ፤ የገቢና የወጪው ሒሳብ በተከራዮች ፊት ይነበብ፤ ተከራዮች የመረጧቸው ሰዎችም ዋጋው በሚቈረጥበት ጉባኤ ድምፅ ይኑራቸው። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ የሚሰማው ጆሮ ከሌለ ግን መናገር ብቻውን ምን ይጠቅማል?

በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዝን ሁሉ፥ «እንዲፈጸም» ብለን ከመጻፋችን አስቀድመን፥ «ማንን ጠየቅን?» ብለን ራሳችንን እንመርምር።