እንድታርፍ ማን ይተካት?



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ወደ አምስቱ እንጀራና ወደ ሁለቱ ዓሣ ስንቸኩል የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ሐዋርያት ከተላኩበት አገልግሎት ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አላገኙም ነበር። ጌታ ግን ተጨማሪ ሥራ አልሰጣቸውም። ሰው ወደሌለበት ስፍራ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው፤ በታንኳም ሄዱ። ልብ በሉ፣ ደቀ መዛሙርቱ ዕረፍት አልጠየቁም። ድካማቸውን አይቶ ዕረፍቱን ያሰበላቸው ጌታ ራሱ ነው።

እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ለጸሎትና ለቃሉ ጥናት የምንሰበሰብ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ይህን ክፍል ያጠናን ቀን ባሕር ዳር ያደገ አንድ ወንድማችን “እኛስ ለምን በታንኳ አንሄድም?” አለና ሳቅን። ሳቁ ግን ወደ ዕቅድ ተቀየረ። የመረጥነውም ዘጌን ነው።

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሸፍን፣ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ከተሻገረው ከገሊላ ባሕር ከ15 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌ ለመድረስ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ይኬዳል፤ መንገዱም በግድግዳ ሥዕሎቻቸው ወደ ታወቁት ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ አዝዋ ማርያም ያደርሳል።

ዕቅዳችን የሦስት ቀን ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መንገዱ ብቻ ቀኖቻችንን ይበላቸዋል። ስለዚህ ዓርብ በአውሮፕላን፣ ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ዘጌ፣ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ምእመናን ጋር አምልኮ፣ ከሰዓት በኋላ መመለስ። የዳገት ልምምድ አላስፈለገንም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው የዘጌ ዳገት አያስፈራውም።

“ወንጌላውያን ገዳም ባለበት ምን ልታደርጉ ነው?” ያሉንም አሉ። የምንሄደው ለክርክር አይደለም። ጫማ አውልቁ በሚባልበት እናወልቃለን፣ እህቶች ነጠላቸውን ይይዛሉ፣ አትግቡ በተባልንበት አንገባም። ቅዱሳት መጻሕፍትን በብራና እየጻፉ ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች የኖሩበት ምድር ነውና በአክብሮት እንረግጠዋለን።

ሁሉን ጽፈን ስንጨርስ አንዲት እህታችን፣ “እናንተ ሂዱ፤ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ” አለች።

እናቷ ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ቀን ሠራተኛ አብራቸው ትውላለች፤ ሌሊቱና ቅዳሜ እሑድ ግን የልጃቸው ነው። ሐኪም ቤት ሲቀጠሩ አራት ወጣቶች በወንበር ተሸክመው በደረጃ ያወርዷቸዋል። ከቀጠሮ ሌላ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ እሷም ከሥራና ከኅብረታችን ሌላ የምትሄድበት የላትም።

በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት እናታችን ማስታወሻውን ከፊታቸው አንሥተው፣ “እሷን ካልወሰድን ሽርሽር ነው እንጂ ዕረፍት አይደለም” አሉ። ከዚያም አዲስ ገጽ ገልጠው ከላይ አንድ ጥያቄ እንድንጽፍ አደረጉ፦ ማን ይተካት?

ከጀልባውም ከአውሮፕላኑም ይልቅ ብዙ ሰዓት የወሰደብን ያ ገጽ ነው። ዓርብ ማታ ማን ያድራል? ቅዳሜ ቀን ማን ይውላል? የደም ግፊት መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ይሰጣል? መኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየሁለት ሰዓቱ ማን ያገላብጣቸዋል? ሌሊት ቢብስባቸው ማን ይወርድና መኪና ይፈልጋል? መልሱ ሲሞላ ከዘጠኛችን ሁለቱ እንደማይሄዱ ተረዳን። አንደኛዋ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለተኛዋ እኚያው ጥያቄውን ያጻፉት እናት ናቸው። “እኔ ጣናን በወጣትነቴ አይቼዋለሁ፤ አሁን የእሷ ተራ ነው” አሉ።

የታማሚዋንም ፈቃድ ጠየቅን። እሳቸውም፣ “መጀመሪያ መጥታችሁ ተለማመዱኝ” አሉን። ትክክል ነበሩ። ስለዚህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን መሄድ ጀመርን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጃቸው ከቤት አልወጣችም፤ ጓዳ ሆና እያንዳንዱን ድምፅ ስታዳምጥ ዋለች። በሁለተኛው ገበያ ደርሳ ተመለሰች። በሦስተኛው አጠገባችን ካለው ብሎክ አንዷ እህት ቤት ገብታ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ዘጌ ገና ሳንደርስ ዕረፍቱ ልደታ ላይ ተጀመረ።

ነቢዩ ኤልያስም ትዝ አለኝ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በኋላም ኮሬብ ላይ ሲናገረው፣ በእርሱ ፋንታ ነቢይ እንዲሆን ኤልሳዕን እንዲቀባ አዘዘው። የደከመውን አገልጋይ “በርታ” ብሎ ብቻ አላሰናበተውም፤ የሚተካውን ሰው ሰጠው።

ስለ ዘጌ ስናነብ ሌላም ነገር አገኘን። መሬቱ ከጥንት ጀምሮ በበሬ አይታረስም። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም የተከሉት በትር ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ተነገረው። ትውፊቱን እኛ እንደ ቃሉ አንቀበለው ይሆናል። ዓይን የሚያየው ግን ይህ ነው፦ “እዚህ ጋ ማረሻ አይግባ” የሚል ወሰን ስለተጠበቀ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። እግዚአብሔርም በዘሌዋውያን 25 ምድር በየሰባት ዓመቱ እንድታርፍ አዝዟል። ለአፈር ዕረፍትን ያዘዘ አምላክ ለታማሚ አስታማሚዋ ልጅ አያስብምን?

ቀኑን ገና አልቆረጥንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባሕር ዳር ያሉ ወገኖች “አሁን ኑ” ሲሉን እንነሣለን እንጂ ጌታን አንፈታተንም። እስከዚያ ግን የዕቅዱ ዝርዝር የጸሎት ርዕስ ሆኖልናል። “ጀልባ” የሚለው መስመር በመንገደኛ መጥፋት እንጀራው የጎደለበትን ባለ ጀልባ ያስታውሰናል፤ “አስጎብኚ” የሚለውም እንዲሁ። ጌታም ያን ጊዜ ከታንኳ ሲወርድ ሕዝብ ቀድሞ ጠበቀው፤ ዕረፍታችንን አወካችሁ አላላቸውም፣ አዘነላቸው እንጂ። ስንሄድ የምናገኘው ሐይቅና ጫካ ብቻ አይደለም፤ የተጨነቀ ሕዝብም ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ እምነትን ገና እየፈለግህ ወይም እየፈለግሽ ይህን የምታነብቡ ካላችሁ፣ “ማን ይተካት?” የሚለው ጥያቄ የወንጌልም ልብ ነው። ልንሸከመው የማንችለው የኃጢአት ዕዳ ነበረብን። ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ላይ በእኛ ፋንታ ቆመና ተሸከመው። በማቴዎስ 11 ላይ ሸክም የከበዳቸውን ሁሉ ወደ እርሱ ሲጠራ፣ ዕረፍቱን የሚሰጠው የእኛን ቦታ ራሱ በመውሰድ ነው። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት አንዷን እህት የምንተካው ከዚያ ፍቅር ጠብታ ስለቀመስን ነው።

በዚህ ሳምንት በደረጃችሁ፣ በብሎካችሁ፣ በኅብረታችሁ ማረፍ ያልቻለ ማን እንዳለ ተመልከቱ። “ራስሽን ጠብቂ፣ ዕረፊ” ብላችሁ አትለፉ። “ስንት ሰዓት ልምጣ?” በሏት።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ድካማችንን ከእኛ በፊት ስለምታይ እናመሰግንሃለን። ስለ እኛ እንደቆምህልን፣ እኛም ለደከሙት እንድንቆም ጉልበትና ጊዜ ስጠን። ለምድራችን ሰላምን፣ ለጣና ዳርቻ ሕዝብ ዕረፍትን ላክ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።