ካርታው ከመታደሉ በፊት

«የፓስተር ሚስት ስለ ካርታ ልትጽፍ?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ከቁማር ጋር ያለኝ ጠብ እንደ ጸና ነው። ብሪጅ የሚባለውን ጨዋታ ያየሁት ግን ሳንቲም በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ለትምህርት አሜሪካ ሳለ፣ ጎረቤቶቻችን ከነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ቤት።

አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ፤ ጓደኛሞቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከ52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። በቅድሚያ ጨረታ አለ፤ ከስድስት ዙር በላይ ስንት እንደሚያሸንፉ ይጫረታሉ። አፍ የሚፈቀድለት ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ከካርታው ዓይነት ጋር (ስፔድ፣ ኸርት፣ ዳይመንድ፣ ክለብ፣ ወይም የበላይ ዓይነት የሌለበት «ኖ ትራምፕ»)፣ አለዚያም «ፓስ»፣ «ደብል» እና «ሪደብል» ብቻ ነው። ዓይን መጥቀስ የለም፤ ድምፅ ማክበድ የለም። ጓደኛህ ሲያመነታ ብታይ እንኳ ከማመንታቱ የተረዳኸውን መጠቀም በሕግ ክልክል ነው። (እኛ ቤት ግማሹ ወሬ በግንባር አይደል?)

ስለዚህ ጥንዶች አስቀድመው ይስማማሉ። አንዱ «1 ኖ ትራምፕ» ሲል ሌላው «2 ክለብ» ቢል፣ ክለብ አለኝ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ስቴይማን በሚባለው ስምምነት «አራት ኸርት ወይም አራት ስፔድ አለህ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

እኔን ያስገረመኝ «ደብል» ነው። ቃሉ ሲታይ «አትችሉትም፣ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን» ማለት ነው። ተቃራኒው ገና «1 ስፔድ» ብሎ ሲጀምር ከሆነ ግን አብዛኞቹ ጥንዶች «ጥሩ እጅ አለኝ፣ አንተ ደግሞ የሚሻልህን ዓይነት ንገረኝ» በሚል ይስማሙበታል። ያው አንድ ቃል አንድ ጊዜ «ዝም በል፣ እንቅጣቸው» ነው፤ ሌላ ጊዜ «እባክህ ተናገር»። እህቶቼ፣ እኛ «ተወው በቃ» የምንለው ስንት ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ። ባሎቻችን የትኛው እንደሆነ በምን ይወቁ?

ስምምነቱ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ተቃራኒዎች ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የሚመልሰውም ቃሉን የተናገረው ሰው ሳይሆን ጓደኛው ነው። ባል በሚስቱ ፊት «እንዲህ ስትል እንዲህ ማለቷ ነው» ብሎ ያስረዳል። ቢሳሳት እንኳ እሷ በዚያች ሰዓት ልታርመው አትችልም፤ ፊቷም መለወጥ የለበትም። እስቲ ይህን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት!

የጎረቤቶቻችን የስምምነት ወረቀት በፊትና በጀርባ የተሞላ ነበር። ከዚያ አዛውንቱ መርሳት ጀመሩ። አንድ ምሽት ባለቤታቸው «4 ኖ ትራምፕ» አሉ፤ ብላክውድ በሚባለው ስምምነት «ስንት አስ አለህ?» ማለት ነው። እሳቸው «ፓስ» አሉ። ሚስቲቱ ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ ያንን መስመር በእርሳስ ሰረዙት፤ ተቃራኒዎቻቸውም «ከእንግዲህ በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የለም» ተባሉ። በየጊዜው ሌላ መስመር ይሰረዝ ነበር። ሌላ ጓደኛ እንዲፈልጉ የመከሯቸው አልጠፉም። በእኔ ግምት አዲስ ነገር ከማጥናት ይልቅ ለዓመታት የተካኑትን ለሌላው ሲሉ መተው ይከብዳል፤ እሳቸው ግን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

እኛ ከተማውን ስንለቅ ያልተሰረዙት ሦስት መስመሮች ብቻ ነበሩ። አንዱ ስለ መከላከል ነው፤ ጓደኛዬ በመራው ዓይነት ከፍ ያለ ቁጥር ከጣልኩ «ቀጥል»፣ ዝቅ ያለ ከጣልኩ «ተው» ነው የሚለው። ልንሰናበት በሄድንበት ምሽት አዛውንቱ ትልቁን ኸርት መዘዙ። ሚስቲቱ 8 ቁጥሩን ጣሉ። አዛውንቱ ካርታውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያም ሌላ ኸርት መዘዙ።