«ረን»ን ሳስተምር የተማርኳቸው

ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን አብዝተው የሚያስቸግሯቸው አጫጭሮቹ ቃላት እንደሆኑ አይቻለሁ። ግንባር ቀደሙ «ረን» ነው። መሮጥ ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሥራ ቦታና ሐኪም ቤት ሲሰሙት ግን ሩጫ የለበትም። ከተሞክሮዬ እነዚህን ላካፍል።

1. የፍቺው ብዛት አያስደንግጥ። ፒተር ጊሊቨር የተባሉት የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን አንድ ግሥ ሲያሰናዱ ዘጠኝ ወር ፈጅቶባቸው 645 ፍቺ አግኝተውለታል። ሁሉንም ሸምድዶ የሚናገር እንግሊዛዊ የለም።

2. መጀመሪያ ሥሩን መያዝ ይበጃል። ውኃ ሲፈስ፣ ሞተር ሲሠራ፣ አውቶቡስ ሲመላለስ፣ ሱቅ ሲተዳደር «ረን» ይባላል። በሁሉም ውስጥ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ነገር አለ። ይህ የገባው ተማሪ አዲስ አገባብ ሲያጋጥመው ከግማሽ በላይ በራሱ ይደርስበታል።

3. ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር ማጥናት ግድ ነው። «ረን ኢንቱ» ሰውን ሳያስቡት ማግኘት፣ «ረን አውት ኦፍ» አንድ ነገር ማለቅ ነው። አለቃ «ረን ኢት ባይ ሚ» ካለ «ከመወሰንህ በፊት አማክረኝ» ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ሥሩ ብቻውን አያደርስም።

4. ከሁሉ አስቀድሞ የሐኪም ቤቱን አስተምራለሁ። «ረኒንግ ኤ ፊቨር» ትኩሳት አለው፣ «ረኒ ኖዝ» አፍንጫው ይፈሳል ማለት ነው። ሐኪሙ ስኳር በቤተሰብ «ረን» ያደርግ እንደሆነ ሲጠይቅ በዘር መኖሩን ማወቅ ፈልጎ ነው። ጥያቄው ያልገባው ሕመምተኛ ሕክምናውን የሚለውጥ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

5. አገሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊ ዕጩ ለምርጫ «ረን» ሲያደርግ እንግሊዛዊው «ስታንድ» ያደርጋል፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል፣ ሁለቱም ይወዳደራሉ። «ባንክ ረን» ደግሞ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ባንድ ጊዜ ሲረባረቡ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2023 የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠይቀው፣ ባንኩ በማግስቱ ተዘግቷል።

6. አማርኛችን ጥሩ አስተማሪ ነው። ትኬት እንቆርጣለን፣ ቀን እንቆርጣለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ሆዳችንን ይቆርጠናል፣ ለመሄድም እንቆርጣለን። ማንም በዝርዝር አላስተማረንም፤ ከሰው አፍ ለቀምነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲያስተውሉ ፍርሃታቸው ይቀላል።

7. ከዝርዝር ይልቅ ዓረፍተ ነገር ይጠቅማል። ከሥራ ባልደረባ፣ ከአውቶቡስ ሾፌር፣ ከነርስ የሰሙትን እንዳለ በደብተር መጻፍ፣ ማን ለማን እንዳለውም ማስፈር፣ በማግስቱም በራስ ጉዳይ መናገር። ቃሉ የራስ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።