ቪትዟና ቮልሷ

ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ መካኒክ ወንድማችን ከሦስት አሮጌ ቮልሶች አንዲት ቮልስ ገጣጥሞ ሠራ። ቀለሟ ወተት፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚለይ። “በቪትዝህ እንለዋወጥ፤ ጭማሪ አልጠይቅህም” አለኝ።

ሦስት ሳምንት ጸለይኩበት። እውነቱን ልናገር፦ ፈቃድ እየጠየቅሁ ሳይሆን ማኅተም እየለመንኩ ነበር። ምክንያትም ደርድሬያለሁ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም። “የሐረጎን ዳገት ስወጣ ውኃ ፈላ ብዬ አልቆምም” እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

አንድ ማታ ጥናታችን ሉቃስ 14 ላይ ደረሰ፤ ግንብ ሳይጀምር ወጪውን ስለሚያሰላው ሰው። አስተማሪው ደግሞ እኔ! ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። የድሮው ቮልስ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ መለዋወጫ ፍለጋው የእኔ ዕጣ ነው። ቪትዟ እሑድ ጧት አንዲት እናታችንን ከነምርኩዛቸው ታመጣለች። ባለፈው ክረምትም ምጥ የያዛትን እህት በሌሊት ደሴ ሆስፒታል አድርሳለች። ያን ሌሊት፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ መኪናዬ ብትቆም ኖሮስ?

በመጨረሻ “ለምን ፈለግሃት?” ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አሳፈረኝ፦ ፒያሳ ላይ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ።

አልለወጥኩም። ወንድማችን ሳቀና “እንግዲያው ና፣ እጅህን አቆሽሽ” አለኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ወጣቶች ይዤ ጋራዡ እወርዳለሁ፤ ካርቡረተር ማጽዳት ተምረናል። ቮልሷን ዛሬም እወዳታለሁ።

እናንተስ ወገኖቼ፣ ጌታ ፊት ያቀረባችሁት ጥያቄ ነው ወይስ ያለቀ ውሳኔ?