የዶሮ እግር ሕመምና የእኔ ችኮላ

የምታነክስ ዶሮ ማየት ለብዙ ሰው ተራ ነገር ነው። እኔም በልጅነቴ እንደዚሁ ስለ መሰለኝ አንዲት መልካም ዶሮ በእጄ ጠፍታለች፤ ስለዚህ ጥፋቴ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ታሪኩን በአጭሩ አቀርባለሁ።

እናቴ በሸዋ ገጠር ስድስት ዶሮዎች ነበሯት፤ የደብተሬና የእርሳሴ ዋጋ የሚገኘውም ከእንቁላላቸው ነበረ። ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባቸው በማለት ቆጡን ከቁመቴ በላይ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነበርሁ፤ ከበታቹም ያለው መሬት ድንጋያማ ነበረ። ከጥቂት ወራት በኋላ እንቁላል በመጣል ከሁሉ የምትበልጠው ገብስማ ዶሮ ማነከስ ጀመረች። ጎረቤቶቻችን የዶሮዎቻቸው ቅልጥም ሲሻክርና ቅርፊቱ ሲነሣ ላምባ ሲቀቡ አይቼ ስለ ነበረ፥ እኔም ሳልመረምር ቀባኋት። ላምባው ቆዳዋን ላጠው፤ ማነከሷም ባሰ። በመጨረሻም እናቴ፥ «ልጄ፥ ውስጥ እግሯን ገልብጠህ አየኸውን?» አለችኝ። ብገለብጠው ከመካከሉ ጥቁር ቅርፊት ያለበት እብጠት አገኘሁ። ነገር ግን ዘግይቼ ነበር፤ ዶሮይቱ በሳምንቱ ሞተች።

ኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም እንዳስረዱኝ እነዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ሕመሞች ናቸው። የቅልጥሙን ቅርፊት የሚያነሣው ክኔሚዶኮፕቴስ ሙታንስ የተባለ እጅግ ደቂቅ ተባይ ነው፤ ይኸውም ከዶሮ ወደ ዶሮ ይተላለፋል። መድኃኒቱም ቅርፊቱን በግድ ሳይልጡ እግሩን በሞቀ የሳሙና ውሃ አጥቦ ቫዝሊን ለብዙ ሳምንታት ደጋግሞ መቀባት፥ ቆጡንም ማጽዳት ነው። የውስጥ እግር እብጠት ግን ከከፍታ በመዝለል ወይም በስለታም ነገር የቆሰለውን እግር ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲገባበት የሚመጣ ነው። ይህ በጅምሩ ሲገኝ በሞቀ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ፥ በአዮዲን መጥረግ፥ በንጹሕ ፋሻ መጠቅለልና ዶሮዋን በደረቅ ጭድ ላይ ማኖር ይገባል። መግሉ በውስጥ ከጠጠረ ሐኪም ያወጣዋል እንጂ በቤት ምላጭ አይነካም። ባክቴሪያው ሰውንም ስለሚይዝ፥ ያከመ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ከዚያ ወዲያ ቆጡን እስከ ጉልበቴ ዝቅ አደረግሁት፤ ከበታቹም ጭድ ጎዘጎዝሁ። በዓመቱ በቀይዋ ዶሮ እግር ላይ ትንሽ እብጠት ባገኝ እንደ ተማርሁት አከምኋት፤ ዳነችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ገብስማይቱን ለሞት ያበቃት የእኔ ቆጥና የእኔ ችኮላ ነው። ስለዚህ ዶሮ ያላችሁ ሁሉ፥ መድኃኒት ከመቀባታችሁ አስቀድሞ እግሩን ገልብጣችሁ እዩ።